ዝምታም ይነቅዛል

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ካገባሁ 11 ዓመቴ ነው፤ የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ ደህና ሰው ነው። አይጠጣም፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ቤቱን ይወዳል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አጫጭር ልቦለድ እጽፍ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት አንዱን ጓደኞቼ ባዘጋጁት የንባብ ምሽት ላይ አነበብኩት። ስለ አንዲት ባለትዳር ሴት ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ ምንም አላለኝም። ቤት ስንገባ ጫማውን እያወለቀ ‹ሰው ሁሉ እኔን የጻፍሽኝ ነው የሚመስለው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ታናሽ ወንድሜ የተማረው ህንድ አገር፣ ፑኔ ነው። ሲመለስ የህንድ ሴቶች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ጥቂት ልቦለዶች ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያው የሻሺ ዴሽፓንዴ ‹ዛት ሎንግ ሳይለንስ› (ያ ረጅም ዝምታ) ነበር። እዚያ ውስጥ ያለችው ሴት የደረሰባት የእኔው ነው። ባሏ በጻፈችው ታሪክ ይቀየማታል፣ እሷም መጻፏን ትተዋለች። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ የጀርባውን ጽሑፍ አየና ‹ይሄ ፌሚኒዝም የሚሉት ነገር ቤት ማፍረሻ ነው› አለ። እህቱ ደግሞ ‹በእንግሊዝኛ የተጻፈ ለፈረንጅ ነው፤ እውነተኛዋ የህንድ ሴት እንዲህ አታስብም› አለችኝ።

አሁን መጽሐፎቹን በካላንደር ወረቀት ሸፍኜ፣ ወጥ ቤት ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ እያስቀመጥኩ ነው የማነባቸው። ባለፈው ልጄ ገብታ ‹እማዬ፣ ምን እያነበብሽ ነው?› ስትለኝ ‹ምንም› አልኳት። ያ ‹ምንም› እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት እነዚህ መጻሕፍት ቤት ያፈርሳሉ? ለእኔ ዓይነት ሴትስ የተጻፉ ናቸው? ምን ላድርግ?

ደብቄ የማነብ ነኝ፣ ከጎተራ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ልቤን የያዘው የበርበሬው ዕቃ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ፣ ቤንጋል በሚባለው አካባቢ፣ ራሱንዳሪ ዴቪ የምትባል ሴት ነበረች። በ12 ዓመቷ ተዳረች። ከዚያ በኋላ ሕይወቷ ማጀትና ልጅ ሆነ። በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠረች ሴት ባሏ ይሞትባታል ይባል ነበር። እሷን ግን ማንበብ አማራት። ከቤቱ የሃይማኖት መጽሐፍ አንድ ገጽ ወሰደች። ልጇ ጽሕፈት ከሚለማመድበት የዘንባባ ቅጠልም አንድ ወሰደች። ሁለቱንም ማጀት ደበቀቻቸው። ወጥ እየሠራች፣ የአንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየች፣ ያለ መምህር ማንበብ ተማረች። በኋላም ሕይወቷን ራሷ በቤንጋልኛ ጽፋ አሳተመች።

አየሽ? እንግሊዝኛ አታውቅም። ፈረንጅ አልመከራትም። ፌሚኒዝም የሚለውን ቃል በጆሮዋ አልሰማችም። የደበቀችው ግን አንቺ የደበቅሽበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ከባልሽ እህት ልጀምር። «እውነተኛዋ የህንድ ሴት እንዲህ አታስብም» የሚለው አባባል እዚያው ህንድ ውስጥም ሲባል የኖረ ነው። ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ታራባይ ሺንዴ የምትባል የማሃራሽትራ ሴት በ1882 ጥፋት ሁሉ በሴት የሚላከከው ለምንድነው ብላ የምትሟገትበትን መጽሐፍ በማራቲኛ አወጣች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልሽ።) በ1905 ደግሞ ሮኬያ ሳካዋት ሆሴን የምትባል ቤንጋላዊት ሙስሊም «ሱልጣናዝ ድሪም» የተባለ አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ማድራስ በሚታተም የሴቶች መጽሔት ላይ ወጣ። በታሪኩ ውስጥ ወንዶቹ ቤት ተዘግቶባቸው ይውላሉ። ሴቶቹ አገር ያስተዳድራሉ፣ በፀሐይ ሙቀት ምግብ ያበስላሉ፣ የጠላትን ጦር እንኳ በፀሐይ ጨረር ይመልሳሉ።

ሮኬያ ይህን የጻፈችው ባሏ ለሥራ ወጥቶ በሄደበት ጊዜ ነው። ሲመለስ አሳየችው። ሰውዬው ሳይቀመጥ፣ እንደቆመ አንብቦ ጨረሰውና «ከባድ በቀል ነው!» አለ። ይህን ያወጋችው ራሷ ናት። እንግሊዝኛዋን እንድታዳብር ሲያበረታታት የነበረውም እሱ ነው። ከሞተ በኋላ ሮኬያ በ1911 ካልካታ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ስሙንም በባሏ ስም ሰየመችው። ይህን የምነግርሽ በኋላ ስለ ባለቤትሽ ስናወራ ስለሚያስፈልገን ነው። ያዥልኝ።

ግን የባልሽን እህት ሙሉ በሙሉ ተሳስተሻል አልላትም። ግማሽ እውነት ይዛለች። ህንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የከተማ፣ የትምህርት ቤትና የደህና ኑሮ ቋንቋ ነው። «ዛት ሎንግ ሳይለንስ» ራሱ በ1988 የወጣው ለንደን ባለ የሴቶች መጻሕፍት አሳታሚ በኩል ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጂጃ የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች። ባሏ ጠጪ ነበር፣ ሌላ ሴትም አግብቶባት ነበር፤ እሷ ግን በየቀኑ አፏን ዘግታ ትሠራለች። ይህች ጂጃ ስለ እሷ የተጻፈውን መጽሐፍ ብታገኘው ማንበብ አትችልም። ይህ እውነት ነው። ስታነቢ አትርሺው።

ሆኖም ጸሐፊዋ እንግሊዝኛን የመረጠችው ለፈረንጅ ብላ አይደለም። ዴሽፓንዴ በ1938 ዳርዋድ ከተማ ነው የተወለደችው። አባቷ ካነዳ በሚባለው የአካባቢው ቋንቋ የሚጽፉ የታወቁ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። እሷን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስገቧት። ለመጻፍ ስትቀመጥ እጇ የሚያውቀው ቋንቋ እሱ ሆነ። ገጣሚዋ ካማላ ዳስም በ1965 ባሳተመችው ግጥም ይህንኑ ትላለች። በእንግሊዝኛ አትጻፊ፣ የእናትሽ ቋንቋ አይደለም ይሉኛል፤ እኔ ግን የምናገረው ቋንቋ ከነጉድለቱ የራሴ ይሆናል ትላለች። እሷ ደግሞ በእናቷ ቋንቋ በማላያላምም በእንግሊዝኛም ጽፋለች።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ እንግሊዝኛ መምህር ስለሆንሽ ይገባሻል። በጥንቱ የሳንስክሪት ቲያትር ነገሥታቱና ሊቃውንቱ የሚናገሩት ሳንስክሪት ነው። ሴቶቹና አገልጋዮቹ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ፕራክሪት የሚባለውን የተራውን ሰው ቋንቋ ነው። የተከበረው ቋንቋ ለሴት አልተሰጣትም። የዴሽፓንዴ መጽሐፍ ባለታሪክ ጃያም መጨረሻው ላይ ይህንኑ ታስታውሳለች። እኔም ቋንቋዬ ፕራክሪት ሆኖ ነው የኖረው ትላለች። እና አንዲት ሴት ያገኘችውን ቋንቋ አንስታ ብትናገርበት ምኑ ነው የሚያስወቅሳት?

አሁን ወደ ጃያ እንሂድ። አንቺ አንብበሻታል፤ ላላነበቡት በአጭሩ ልንገር። ጃያ የቦምቤይ የቤት እመቤት ናት። ባሏ ሞሃን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በተፈጠረ የሙስና ጉዳይ ይጠረጠራል። ከዓይን ለመራቅ ዳዳር ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ አንዲት አሮጌ ክፍል ይገባሉ። ልጆቹ የሉም። ሥራ የለም። ያኔ ጃያ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላለችው ነገር ሁሉ ይመጣባታል።

አንድ ትዕይንት ላይ ልቆይ። ሞሃን ስለ እናቱ ይነግራታል። ልጅ እያለ ነው። አባቱ የሚገባው አምሽቶ ነው። እናቱ ልጆቹን ቀድማ ታበላና ለባሏ አዲስ ሩዝ ትጥዳለች። አንድ ማታ ሰውዬው ቁጭ ይልና «ዛሬ ትኩስ ቸትኒ የለም?» ይላል። ቸትኒ ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው። ሴትየዋ ቀስ ብላ የሆነ ነገር አለች። ሰውዬው ከባዱን የናስ ሳህን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ተነስቶ ወጣ። እሷ ምንም አላለችም። የተደፋውን ሁሉ አጸዳች። ልጇን ጎረቤት ልካ ቃሪያ አስመጣች። ቸትኒውን ፈጨች። ሩዙን እንደገና ጣደች። ከዚያ እሳቱ ፊት ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

ሞሃን ይህን ሲያወራ በኩራት ነው። የዚያን ዘመን ሴቶች ብርቱ ነበሩ ይላል። ጃያ ያየችው ሌላ ነው። ተስፋ መቁረጥ ነው ያየችው። ዝምታ ብቸኛ መሣሪያዋ እስኪሆን ድረስ የመረረ ትግል ነው ያየችው።

እህቴ፣ እኛ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ስለ ሟቿ ምን እንላለን? «ክፉ ከአፏ አይወጣ፣ ሁሉን ችላ፣ እንዳዘነች ሳታሳይ» አንልም? እኔም ብዬ አውቃለሁ። ይህን ትዕይንት ካነበብኩ ወዲህ ግን ያን ቃል ስናገር አፌን ይይዘኛል። አንድ ታሪክ ነው። ልጁ ያየው ብርታት ነው፣ ምራቷ ያየችው ሕመም ነው። ዴሽፓንዴ በዚህ ብቻ ትልቅ ጸሐፊ ናት ብዬ አምናለሁ። ማንንም አልሰደበችም። ሳህኑን ብቻ አሳየችን።

እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችን። ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ አልክድም። ግን ሰፈርሽ ጎተራ ነውና ስሙን አስቢው። እህል የሚነቅዘው እኮ ጎተራ ውስጥ ተዘግቶበት፣ ሳይገላበጥ ሲከርም ነው። ያንቺም ስድስት ዓመት ተዘግቶበታል።

«ቤት ያፈርሳሉ ወይ?» ላልሽው፣ ጃያ ቤቷን አላፈረሰችም። አልሄደችም። መጽሐፉ የሚያልቀው ባሏ ሊመለስ ሲል ነው። በመካከላችን ያለውን ዝምታ መስበር አለብኝ፣ መናገርም መስማትም አለብኝ ትላለች። ሰው በአንድ ሌሊት አይለወጥም፣ ተስፋ ግን ማድረግ ይቻላል ትላለች። ይህ መጽሐፍ በ1990 የህንድን ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም፣ የሳሂትያ አካዳሚን ሽልማት ያገኘ ነው። ባለቤትሽ የጀርባውን ሽፋን ብቻ ነው ያነበበው፤ መጨረሻውን ቢያነብ ምናልባት ሌላ ይል ነበር።

የአሩንዳቲ ሮይ «ዘ ጎድ ኦፍ ስሞል ቲንግስ»ም ከያዝሻቸው ውስጥ ካለ ልብ ብለሽ አንብቢው። በ1997 ቡከር የተባለውን ትልቁን የእንግሊዞች የልቦለድ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ውስጥ ማማቺ የምትባል አሮጊት አለች። የምትሠራው አቻር የሚባል ማባያ ገበያ ደራላት። ባሏ በዚህ ቀና። በየማታው በናስ የአበባ ማስቀመጫ ይመታት ነበር። አንዱ ጋ የናስ ሳህን፣ ሌላው ጋ የናስ ማስቀመጫ። ቤቱን እያፈረሰ ያለው የትኛው ነው፣ ናሱ ወይስ ናሱን ያየችው ጸሐፊ?

አሁን ትንሽ የሚከብድ ነገር ልነግርሽ ነው። ታገሺኝ።

ጃያ ለረጅም ጊዜ መጻፍ ያስተወኝ ሞሃን ነው ብላ ታምናለች። ፎቅ ላይ የሚኖር ካማት የሚባል ጎረቤት ነበራት፤ ጽሑፎቿን ያነብላት ነበር። ይህ ሰው ንዴትሽን ለምን አትጽፊውም ይላታል። ሴት መናደድ አትችልም ትለዋለች። ሴት ሁልጊዜ ተበዳይ ናት የሚለውን ሐሳብ ተጠንቀቂው፣ ለራስሽ በማዘን ረግረግ ውስጥ ይከትሻል ይላታል። በኋላ ጃያ ራሷ ትደርስበታለች። ባሏ ተቀይሟል፣ እውነት ነው። ግን መውደቅንም ፈርታ ነበር። ባሏ ከለላ ሆነላት።

ያንቺ ባል የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጫማውን እያወለቀ። «አትጻፊ» አላለም። ጥፋቱ ያንቺ ነው እያልኩ አይደለም፤ ያ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቆመሽ የሱ ቃል ብቻ ነው? ወይስ ቀጣዩ ታሪክ እንደ መጀመሪያው ባያምር ብለሽም ፈርተሻል? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ። ላንቺ ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሞሃን ሲያገባት ጃያን «ሱሃሲኒ» ብሎ ስሟን ይለውጠዋል። ጃያ ማለት ድል ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ሱሃሲኒ ደግሞ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ለስላሳ ሴት። በማሃራሽትራ ሙሽራው የሙሽሪትን አዲስ ስም ሩዝ በተዘረጋበት ሳህን ላይ በቀለበት የሚጽፍበት ልማድ አለ። በእኛም አንዳንድ አካባቢ አማት ለምራቷ ስም ታወጣለች። እኔ ክፍለ ሀገር ስማር ህንዳዊት መምህር ነበረችን። ሳሪዋን ጠመኔ እንዳይነካው በግራ እጇ እየሰበሰበች ነበር የምትጽፈው። «ሚስስ» ብለን በባሏ ስም እንጠራት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አስተማረችኝ፤ የራሷን ስም ሳላውቅ ተለያየን። ጃያን ሳነብ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ቀጥሎ የምታነቢውን ብትጠይቂኝ የአኒታ ናየር «ሌዲስ ኩፔ» እልሻለሁ። በ2001 የወጣ ነው። አኪላ የ45 ዓመት ሴት ናት፤ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ቤተሰቡን ያስተዳደረችው እሷ ናት። ወንድሞቿ ተዳሩ፣ እህቷ ተዳረች፤ አንቺስ ያላት የለም። አንድ ቀን የባቡር ትኬት ቆርጣ ወደ ህንድ ደቡባዊ ጫፍ ትጓዛለች። በሴቶች ክፍል ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር ትሳፈራለች። ሴት ለብቻዋ መኖር ትችላለች ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች። እነሱም ሌሊቱን ሙሉ ታሪካቸውን ያወሩላታል።

በዚያ መጽሐፍ የማረከኝ እንቁላል ነው። አኪላ ሥጋም እንቁላልም የማይገባበት የብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን) ቤት ነው ያደገችው። የሥራ ባልደረባዋ ለምሳ ይዛ ከመጣችው የተቀቀለ እንቁላል ታቀምሳታለች። አለቀ። አንድ እንቁላል ነው። ግን ለዚያች ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ነገር ነው። እኛ በጾም ያደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳን አንፈልግም። እነዚህ ጸሐፊዎች ነፃነትን የሚያሳዩን በሰልፍና በመፈክር አይደለም። በእንቁላል ነው፣ በስም ነው፣ በአንዲት ደብዳቤ ነው።

አኒታ ዴሳይ «ፋስቲንግ ፊስቲንግ» ውስጥ አናሚካ የምትባል ልጅ አለቻት። ለኦክስፎርድ ነፃ የትምህርት ዕድል ታገኛለች። ወላጆቿ አልላኳትም። ደብዳቤው ለእንግዳ የሚታይ ጌጥ ሆነ፤ የተሻለ ባል ለማምጣትም ጠቀመ። ባሏ ቤት ስትገባ ማብሰልና ዱላ ጠበቃት። የልጅቱ መጨረሻ በእሳት ተቃጥላ መሞት ነው። የምታነቢው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን፤ ያስለቅሳል።

ባልሽ እጁን አንስቶብሽ እንደማያውቅ ጽፈሽልኛል። አምኜሻለሁ። ግን ይህን ዓምድ የምታነብ ሌላ እህት ልትኖር ትችላለች፤ ለእሷ ልናገር። ሚና ካንዳሳሚ በ2017 «ዌን አይ ሂት ዩ» የሚል ልቦለድ አውጥታለች። ተራኪዋ ስም የላትም። የተማረች ጸሐፊ ናት። ባሏ ስለ ጭቁኖች የሚሰብክ አስተማሪ ነው። መጀመሪያ ፌስቡኳን አዘጋት። ቀጥሎ ኢሜይሏን ያዘ፣ ስልኳን ያዘ። ከዚያ መምታት ጀመረ። ወላጆቿ ጋ ስትደውል የሚነግሯት ታገሺ፣ ትዳር እንዲህ ነው፣ ያልፋል ነው። «ቻይው» ማለት ነው። አንቺ የምትመቺ እህት፣ ጃያ ያደረገችው ላንቺ አይሆንም። ከሚመታሽ ሰው ጋር ስለ ዝምታ አትወያዪም። መጀመሪያ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ፤ ለምታምኚው አንድ ሰው ዛሬውኑ ተናገሪ።

ያ መጽሐፍ የሚጀምረው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልጅቱ ከትዳሯ አምልጣ ቤት ተመልሳለች። እናቷ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የልጇን የተሰነጠቀ ተረከዝና በቅማል የተወረረ ፀጉር ታወራለች። ዓመታት ሲያልፉ ታሪኩ የልጅቱ መሆኑ ቀርቶ የእናትየዋ ሆነ፤ ስለ እግርና ስለ ቅማል ሆነ። ልጅቱ ብዕር የምታነሳው ለዚህ ነው። አንቺ ያልጻፍሽውን ሌላ ሰው እንደተመቸው ያወራዋል።

እሺ፣ ምን ላድርግ ብለሻል።

ከባለቤትሽ ጋር ስለ ፌሚኒዝም አትከራከሪ። ስለዚያች ማታ አውሪ። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡና አፍልተሽ፣ «የዛሬ ስድስት ዓመት ጫማህን እያወለቅህ ያልከኝን ታስታውሳለህ?» በይው። ምናልባት ጭራሽ አያስታውሰውም። ያ ራሱ ያማል፤ ተዘጋጂበት። ካስታወሰ ምን እንደፈራ ጠይቂው። ሰው ይስቅብኛል ብሎ ነው? ወይስ ታሪኩ ውስጥ እውነት አይቶ ነው? ሲመልስልሽ አታቋርጪው። ጃያ መናገርም መስማትም ብላለች።

ባል ሁሉ እንቅፋት ነው ብለሽ አትነሺ። የሮኬያን ባል ያዥልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ሌላም ልንገርሽ። ጊታ ሃሪሃራን የምትባል ደራሲ አለች፤ በ1992 «ዘ ታውዘንድ ፌይስስ ኦፍ ናይት» በሚል ልቦለድ የታወቀች። ለትንሽ ልጇ የመንግሥት ቦንድ ልትገዛ ስትል የአባትየው ፊርማ ያስፈልጋል ተባለች። በጊዜው ሕግ የልጅ ሞግዚት አባት ነው፣ እናት ከእሱ በኋላ ናት። ፍርድ ቤት ስትሄድ ባሏም አብሯት ከሰሰ። በ1999 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በኋላ» የሚለው ቃል አባት ከሞተ በኋላ ማለት ብቻ አይደለም፣ አባት በሌለበትም ማለት ነው፣ እናትም ሞግዚት መሆን ትችላለች ብሎ ወሰነ። ልቦለድ የምትጽፍ ሴት ናት አንዲትን ቃል ይዛ እዚያ ድረስ የሄደችው። ባሏም ከጎኗ ነበር። እኛም አገር እኮ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ይሄ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ በ1992 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚል በሕግ ተጽፎ ይኖር ነበር። የዛሬዎቹ ባሎች ያደጉት በዚያ ነው። ጊዜ ስጪው። የራስሽን ጊዜ ግን አትስጪው።

የራስሽ ጊዜ ስል፣ ጻፊ ማለቴ ነው። ፈቃድ እስኪሰጥሽ አትጠብቂ። የተማሪዎችሽን ደብተር ስታርሚ ከምታመሺው ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ቆንጥሪ። ከየት ልጀምር ካልሽኝ ከጫማው ጀምሪ። የግራውን ነበር መጀመሪያ ያወለቀው ወይስ የቀኙን? ማሰሪያ ነበረው? አንቺ የት ቆመሽ ነበር፣ መብራቱን ማን አበራው? ንዴትሽም ይግባበት፤ አታስወጪው። ለማንም ማሳየት የለብሽም ገና።

ስለ ልጅሽ ልጨርስ። ማንጁ ካፑር «ዲፊከልት ዶተርስ» የሚል ልቦለድ በ1998 አወጣች። አምሪትሳር ውስጥ የምታድግ ቪርማቲ የምትባል ልጅ ናት ባለታሪኳ፤ የአሥራ አንድ ልጆች የመጀመሪያዋ። መማር ትፈልጋለች። ባለትዳር የሆነ ፕሮፌሰር ትወድና ሁለተኛ ሚስቱ ትሆናለች። ግን ታሪኩን የምትነግረን ልጇ አይዳ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ነው መጠየቅ የምትጀምረው። ከዘመድ ዘመድ እየዞረች፣ የእናቷ ወጣትነት ምን ይመስል እንደነበር ከሰው አፍ ትለቅማለች። እናትየው በሕይወት እያለች ለልጇ ያልነገረቻት ነገር ብዙ ነው።

ልጅሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬ ማታ የካላንደሩን ወረቀት አውልቂውና መጽሐፉን ሳሎን መደርደሪያው ላይ አድርጊው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደገና «እማዬ፣ ምን እያነበብሽ ነው?» ትልሻለች። አጠገብሽ አስቀምጫት። ስለ ቁራና ድንቢጥ የሚወራውን ቦታ ፈልጊላት፤ ጃያ በልጅነቷ የሰማችው ተረት ነው። በአማርኛ እየመለስሽ አንብቢላት። ድንቢጧ በሯን ዘግታ ቁራው ዝናብ ላይ ቆሞ «ክፈቺልኝ» ይላታል። «ቆይ፣ ልጄን ላጥብ» ትለዋለች። «ቆይ፣ ላልብሰው» ትለዋለች። ልጅሽ ለምን ቶሎ አልከፈተችለትም ብላ መጠየቋ አይቀርም። የምትላትን ጻፊልኝ።